ዩኒቨርሲቲ ዓርማውን ለልብስ አምራች ሲፈቅድ ከመቶኛው በፊት የፋብሪካውን ስም ይጠይቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ገቢ እንዴት ያግኙ የሚለው ጥያቄ ከመድረክ አልወረደም። ስምና ዓርማን ለልብስ አምራቾች ፈቅዶ ሮያሊቲ (ከሽያጩ በመቶኛ የሚታሰብ የፈቃድ ክፍያ) መሰብሰብ ከሚታሰቡት መንገዶች አንዱ መሆኑ አይቀርም፤ በአሜሪካ ከአርባ ዓመት በላይ የተሠራበት ንግድ ነውና። በንግድ ምልክትና በአልባሳት ምርት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ስለሆንን ሐሳቡን እንደግፋለን። የሚያሳስበን ከተሳሳተው ጫፍ እንዳይጀመር ነው። ድርድሩ ሁሉ «ስንት በመቶ?» በሚለው ላይ ካለቀ ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡንም፣ ምልክቱንም፣ መልካም ስሙንም ሊያጣ ይችላል። (ዓ.ም. ካልተባለና የአዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በገንዘቡ ላይ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር። ሮያሊቲ የሚታሰበው ልብሱ ሱቅ ውስጥ በሚሸጥበት ዋጋ ላይ አይደለም፤ ፈቃድ የተሰጠው አምራች ለቸርቻሪው በሚያስረክብበት የጅምላ ዋጋ ላይ ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የተለመደው ከ8 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ ስመ ጥሮቹ ከዚያም በላይ ይጠይቃሉ። ሱቅ ውስጥ 60 ዶላር የተለጠፈበት ሁዲ በጅምላ 30 ዶላር ቢያወጣ፣ በ12 በመቶ ሒሳብ የሚገኘው 3 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። ከዚያ ላይ ፈቃዱን የሚያስተዳድረው ወኪል ድርሻውን ያነሳል፤ የምዝገባ፣ የጠበቃና የቁጥጥር ወጪም አለ። ሒሳቡን በብር እናስላው። በጅምላ 600 ብር በሚያወጣ ቲሸርት ላይ 10 በመቶ 60 ብር ነው፤ 5,000 ቲሸርት ቢሸጥ 300,000 ብር ይመጣል። ጉዳዩን የሚከታተል አንድ ሠራተኛ ተቀጥሮ የጠበቃ ሒሳብ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ የበጀት ጉድለት በቲሸርት ይሞላል ብሎ ቃል የሚገባ አማካሪ ሲመጣ ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ አስቀምጦ እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ታዲያ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለምን ይደክማሉ? አንደኛ፣ የሚሸጡት በጣም ብዙ ነው። ሁለተኛና ዋናው ምክንያት ግን ፈቃድ የማይሰጥና የማይቆጣጠር ባለመብት ውሎ አድሮ ምልክቱን መከላከል ስለሚያቅተው ነው። ሻምፒዮን የተባለው ልብስ አምራች ከ1936 ጀምሮ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲን ስም እያተመ ሲሸጥ ዩኒቨርሲቲው ለአሥርተ ዓመታት ዝም ብሎ ቆየ። ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1982 ዩኒቨርሲቲው ስለ ወደፊቱ ሽያጭ የመከራከር መብቱ አልጠፋም ቢልም፣ ጉዳዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ተመልሶ በ1983 ለሻምፒዮን ተፈረደ። ገዢው ልብሱን የሚወስደው ስሙን ለመልበስ ፈልጎ እንጂ ዩኒቨርሲቲው የሠራው መስሎት አይደለም ተባለ።

በ1973 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለሱ ቅርንጫፍ፣ ዩሲኤልኤ፣ ለአንድ የሰዓት አምራች ፈቃድ መስጠቱ የዚህ ንግድ መጀመሪያ ተደርጎ ይጠቀሳል። ዛሬ በጃፓን፣ በደቡብ ኮሪያና በቻይና ግቢውን ረግጠው የማያውቁ ወጣቶች ስሙን ደረታቸው ላይ ይለብሱታል። በ1981 ደግሞ ቢል ባትል የኮሌጅ ፈቃዶችን በአንድ ወኪል ስር የሚያስተዳድር ኩባንያ፣ ኮሌጂየት ላይሰንሲንግ ካምፓኒን፣ አቋቋመ፤ የመጀመሪያ ደንበኛው አላባማ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤቶችም ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ እያዘነበሉ መጡ። በ2008 ሉዊዚያና ስቴትን ጨምሮ አራት ዩኒቨርሲቲዎች ስማክ አፓሬል በተባለ ቲሸርት አታሚ ላይ ባሸነፉበት ክርክር፣ ስማቸውና ዓርማቸው ባይታተም እንኳ የቀለማቸው ጥምረት ከሌሎች መለያዎች ጋር ሲቀርብ ጥበቃ እንደሚገባው ተወሰነ። በ2024 ፔን ስቴት ድሮ የነበሩ ዓርማዎቹን እያተመ በሸጠ ቪንቴጅ ብራንድ በተባለ ድርጅት ላይ ከሕዝብ በተመረጡ ዳኞች (ጁሪ) ፊት ረታ። ክርክሩ ግን እስከ መጨረሻው የተካሄደው የፒትስበርግ ጉዳይ ባነሳው በዚያው ጥያቄ ላይ ነው፦ በደረት ላይ ያለው ዓርማ ጌጥ ነው ወይስ የምርቱን ምንጭ የሚያመለክት ምልክት?

ይህ ጥያቄ ለተግባር ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በስሙ መነሻ ያለችውን «ዘ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ መስተአምር ለልብስ ለማስመዝገብ በ2019 ሲያመለክት መጀመሪያ ውድቅ ከተደረገበት ምክንያቶች አንዱ፣ ቃሏ ልብሱ ላይ የገባችው ለጌጥ ነው የሚል ነበር። የተመዘገበችው በ2022 ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ዓርማውን በትልቁ ደረት ላይ ማተም ብቻውን አይበቃም። የአንገቱ ማርካ ላይና በልብሱ ላይ በሚንጠለጠለው ካርድ ላይም መግባት አለበት፤ የንግድ ምልክት የሚጠበቅበት ቦታ እዚያ ነውና።

ወደ ጥራት ቁጥጥር እንለፍ፤ ይህ ብዙዎች እንደ ትርፍ ሥራ የሚያዩት ግን የፈቃዱ አከርካሪ የሆነ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ሕግ ባለመብቱ ጥራቱን ሳይቆጣጠር ዝም ብሎ ፈቃድ ከሰጠ ምልክቱን እንደተወ ሊቆጠር ይችላል። ውሉ ላይ «ጥራቱን የጠበቀ» ብሎ መጻፍ ቁጥጥር አይደለም። ቁጥጥር የሚባለው እንዲህ ያለ ነው፦ የጨርቁ ክብደት ይጻፋል፤ ለቲሸርት በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 180 ግራም፣ ለሁዲ ከ280 እስከ 320 ግራም ጥሩ መነሻ ነው። የዩኒቨርሲቲው ቀለም «ጠቆር ያለ አረንጓዴ» ተብሎ ሳይሆን በፓንቶን ቁጥር፣ ማለትም በዓለም አቀፍ የቀለም መለያ ቁጥር፣ ይገለጻል። ዓርማው መጠኑ ሲጨምር ጠርዙ በማይደበዝዝ በቬክተር ፋይል ይሰጣል፤ አታሚው ከድረ ገጽ ላይ አውርዶ እንዳይሠራ ይከለከላል።

ከዚያ ናሙናው ይመጣል። በተለመደው የስክሪን ፕሪንት ቀለም፣ ፕላስቲሶል በሚባለው፣ የታተመ ዓርማ እስከ ውስጡ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልሞቀ ከላይ ሲነካ የደረቀ ይመስላል፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ ግን ይሰነጣጠቃል፣ ይላጣል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ የታተመበትን ቦታ በሁለት እጅ ወደ ጎን መሳብ ነው። በደንብ የበሰለ ቀለም ተለጥጦ ይመለሳል፤ ያልበሰለው ይሰነጠቃል። ሙቀቱን ዝም ብሎ መጨመር ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ጨርቁ ፖሊስተር ካለበት፣ በተለይ ቀይ ወይም ቡናማ ቀይ ከሆነ፣ በሙቀቱ የጨርቁ ቀለም ተንኖ ወደ ላይኛው ሕትመት ይገባና ነጩ ዓርማ ሮዝ ይሆናል። ይህ አንዳንዴ ልብሱ ከማሽኑ ሲወጣ አይታይም፤ ካርቶን ውስጥ ተደራርቦ ከቆየ በኋላ ነው የሚወጣው። መፍትሔው ቀለም የሚያግድ የሥር ሽፋን መጠቀም፣ ባነሰ ሙቀት የሚበስል ቀለም መምረጥ ወይም ከመጀመሪያው ንጹሕ ጥጥ ማዘዝ ነው። እንግዲህ ናሙናው አምስት ጊዜ ታጥቦ፣ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ቁመቱና ስፋቱ ተለክቶ፣ ካለፈ በሁለት ቅጂ ይታሸጋል። ሁለቱ ወገኖች ፈርመው አንዱ በዩኒቨርሲቲው፣ አንዱ በአምራቹ ዘንድ ይቀመጣል። ክርክር ሲነሳ ዳኛ ፊት የሚቀርበው ያ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ልብሱን እንጂ ልብሱን የሰፋውን ሰው አይመለከትም። ደብዳቤያችንን የጻፍነው በዋናነት ስለዚህኛው ነው።

አንድ አሜሪካ የተሸጠ ሁዲ አንገቱ ውስጥ ብናይ የጨርቁ ይዘት በመቶኛ፣ የተሠራበት አገር፣ የአምራቹ ወይም የአስመጪው ስም አለዚያም «አርኤን» የሚል መለያ ቁጥር እናገኛለን፤ በሕግ ግዴታ ነው። ቁጥሩን በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መዝገብ ፈልጎ ኩባንያውን ማወቅ ይቻላል። የፋብሪካውን ስም ግን አይነግርም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ተማሪዎች የተነሱት በዚህ ምክንያት ነው፤ የዩኒቨርሲቲያችን ስም የት፣ በማን እጅ እንደሚሰፋ ንገሩን አሉ። ዱክ ዩኒቨርሲቲ በ1998 ለባለፈቃዶቹ የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት ተማሪዎቹ በአገር አቀፍ ደረጃ ተደራጁ። ናይኪ በ1999 የዩኒቨርሲቲ ልብስ ከሚሠሩለት ፋብሪካዎች የተወሰኑትን በስምና በአድራሻ ይፋ አደረገ፤ ከዚያ በፊት አምራቾች ይህ የንግድ ምስጢር ነው ይሉ ነበር። በ2000 ዎርከር ራይትስ ኮንሶርቲየም የተባለው ገለልተኛ መርማሪ ተቋም ተመሠረተ፤ አባል ዩኒቨርሲቲዎች ይደግፉታል፣ እሱም ፋብሪካዎችን እየመረመረ ሪፖርት ያወጣል።

የፋብሪካው ስም ሲታወቅ ምን እንደሚለወጥ የሆንዱራሱ ጉዳይ ያሳያል። የአሜሪካው ልብስ አምራች ራስል አትሌቲክ የዩኒቨርሲቲ ልብስ ይሠራበት የነበረውን ጀርዚስ ዴ ሆንዱራስ የተባለ ፋብሪካ በ2009 መጀመሪያ ዘጋ። ሠራተኞቹ ማኅበር መሥርተው ነበር። ኩባንያው ምክንያቱ የገበያ መቀዝቀዝ ነው ሲል፣ የኮንሶርቲየሙ ምርመራ የማኅበሩ መቋቋም ለውሳኔው ምክንያት እንደነበር አረጋገጠ። ወደ 100 የሚጠጉ ዩኒቨርሲቲዎች ፈቃዳቸውን አቋረጡ ወይም ሳያድሱ ቀሩ። ያ ዓመት ሳያልቅ፣ በኅዳር፣ ኩባንያው ፋብሪካውን በሌላ ስም ከፍቶ 1,200 ያህሉን ሠራተኞች ለመመለስና ማኅበራቸውን ለመቀበል ተስማማ። ያስገደደው የፈቃድ ውሉ ላይ የሠፈረው የሠራተኛ መብት አንቀጽ ነው።

በኢንዶኔዥያም ፒቲ ኪዞን የተባለ ፋብሪካ ባለቤት በ2011 ጥሎ ሲጠፋ ሠራተኞቹ የሥራ ስንብት ክፍያቸው ቀረባቸው። ፋብሪካው ልብስ ይሰፋለት የነበረው አዲዳስ እኔ ቀጣሪያቸው አይደለሁም አለ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2012 ከአዲዳስ ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ፤ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ውሉን ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2013 ከሠራተኞቹ ጋር ስምምነት ተደረሰ። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በቪያ አልታግራሲያ ከተማ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ አልታ ግራሲያ በሚል ማርካ የዩኒቨርሲቲ ልብስ የሠሩ ሠራተኞች ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ሦስት እጥፍ ገደማ ይከፈላቸው ነበር። ልብሱም በዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት መደብሮች ከሌሎቹ ጎን ለጎን ተሰቅሎ ተሸጧል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ይኸው ኮንሶርቲየም በ2018 መጨረሻ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ልብስ ፋብሪካዎች ሪፖርት አውጥቷል። በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ማዕከል የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ አጥንቶ የሠራተኛው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ይህም ልብስ ላኪ ከሆኑ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጻፈ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል፤ ድንጋጌው ሥራ ላይ ሲውል የማየት ፍላጎታችን ትልቅ ነው። ከዚያ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ በ2021 ኅዳር ከሐዋሳ ወጣ፤ ከ2022 ጥር 1 ጀምሮም አገራችን ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው የአጎዋ ዕድል ታገደች። ልብሱን የሚሰፉት ልጆች በዚህ ሁሉ ውሳኔ ውስጥ አልነበሩበትም።

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወገኖቻችን አንድ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። የዩኒቨርሲቲያቸው የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤት ባለፈቃዶቹ የሚጠቀሙባቸውን ፋብሪካዎች ዝርዝር ይይዛል፤ ኮንሶርቲየሙም የሚሰበስበውን የፋብሪካ መረጃ በይፋ ያወጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚገኝ ፋብሪካ ካለ ስሙን ለይቶ ስለ ደመወዙና ስለ ሠራተኛ ማኅበሩ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። በዚያው አገር የቲሸርት ሕትመት ሥራ ያላቸው ደግሞ ለተማሪ ክበብም ቢሆን የዩኒቨርሲቲ ዓርማ ያለ ፈቃድ እንዳያትሙ እንመክራለን። ለአነስተኛ አታሚዎች በአንድ አካባቢ የተወሰነ ፈቃድ የሚሰጥበት አሠራር አለ፤ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ሥራ የባለቤትነት ጉዳይን ማጥራት ነው። ዓርማው በውድድር ወይም በአንድ መምህር የተሣለ ከሆነ፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሠዓሊው መብት በጽሑፍ ለዩኒቨርሲቲው መተላለፉ ይረጋገጥ። ሽልማት መሰጠቱ ብቻውን መብቱን አያስተላልፍም። ቀጥሎ በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያመልክት። ስሙ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በምህጻረ ቃል፣ ዓርማው ደግሞ ለብቻው ይመዝገብ። ልብስ በዓለም አቀፉ ምደባ 25ኛው ክፍል ነው፤ ቦርሳ 18ኛው፣ ደብተርና የጽሕፈት መሣሪያ 16ኛው፣ ኩባያ 21ኛው፣ ትምህርት ራሱ 41ኛው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳል። ለ3 ዓመት ያልተሠራበት ምልክት ሊሰረዝ ስለሚችል በሁሉም ክፍል አስመዝግቦ መተኛት አይጠቅምም። ጥበቃው አገር ውስጥ ብቻ ነው፤ ውጭ ላሉ ምሩቃን መሸጥ ከታሰበ እዚያም ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ እንደ ቻይና ባሉ አገሮች መብቱ በዋናነት ቀድሞ ላስመዘገበ ነውና።

ተመራቂ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚያሳትሙት የጂሲ ቲሸርትና ጃኬት ላይ ግን እጅ ባይነሳ ጥሩ ነው። መርካቶ ያለውን አታሚና ተማሪውን በጠበቃ ማሳደድ ገቢ አያመጣም፣ ፍቅርም አያተርፍም። በአሜሪካም ለተማሪ ማኅበራት የውስጥ አገልግሎት ብዙ ጊዜ ሮያሊቲ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የተፈቀደውን ዓርማ በትክክል መጠቀም ነው። የተማሪዎች ኅብረቱ ፋይሉን በነፃ ይውሰድ፣ የሚታተመውን አንድ ጊዜ ያሳይ፣ ይፈቀድለት። ምልክትን በነፃ ፈቅዶ መብትን መጠበቅ እንደሚቻል ኢትዮጵያ ራሷ በይርጋጨፌ፣ በሐረርና በሲዳሞ ቡና አሳይታለች፤ በ2007 ከስታርባክስ ጋር የተደረሰው ስምምነት ያለ ሮያሊቲ ነበር።

ለንግድ የሚሰጠው ፈቃድ ግን የሚከተሉት አንቀጾች ሳይኖሩበት አይፈረም። ምርት ከመጀመሩ በፊት የሚሰፋበት ፋብሪካ ስም፣ አድራሻና የሠራተኛ ብዛት ይገለጽ፤ ፋብሪካ ሲለወጥ ከ30 ቀን በፊት ይነገር። ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ለሌላ ፋብሪካ አሳልፎ መስጠት ይከልከል። ያልታተመበት ባዶ ቲሸርት ከውጭ ወይም ከሌላ ፋብሪካ ገዝቶ የሚያትም ባለፈቃድ የባዶውን ቲሸርት ፋብሪካ ጭምር ያሳውቅ፤ «እኔ ማተም ብቻ ነው ሥራዬ» የሚለው መልስ የሚመጣው ከዚህ ክፍተት ነው፤ ኃላፊነቱም የሚጠፋው እዚያው ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ያልተከፈለ ደመወዝና የስንብት ክፍያ ካለ ባለፈቃዱ መከፈሉን የማረጋገጥ ግዴታ ይኑረው። ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ፣ ከሽያጭ ደረሰኝ ጋር ይቅረብ፤ ዩኒቨርሲቲው መዝገቡን የማስመርመር መብት ይኑረው፤ ጉድለት ከተገኘ የኦዲቱን ወጪ አምራቹ ይክፈል። ውሉ ከ1 ወይም ከ2 ዓመት አይብለጥ፤ ሲያበቃ የቀረውን ልብስ የሚሸጥበት 90 ቀን ይሰጠው።

ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ቲሸርትና አንድ ሁዲ ይበቃል፤ አምራቹም አንድ ይሁን። የፋብሪካው ስም ደግሞ በውሉ ውስጥ ብቻ ሳይቀር በተንጠልጣዩ ካርድ ላይና በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ይታተም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በንግድ ምልክትና በአልባሳት ምርት ሥራ ላይ የሚገኙ አንባቢዎች፣ አዲስ አበባ